«ሸረሪት ሸናችብኝ» ከማለትዎ በፊት፦ የቤት ውስጥ ሸረሪቶችን ለይቶ የማወቂያ መመሪያ

የበዓል ዋዜማ ሲደርስ በየቤቱ ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ጨርቅ ይታሰርና የኮርኒሱ ጥግ፣ የማድቤቱ ጣሪያ፣ የመጸዳጃ ቤቱ መስኮት ይጠረጋል። ጥቀርሻ የጠጣው ድር ተጠቅልሎ ሲወርድ አብራ የምትወርደው ሸረሪት ገና መሬት ሳትረግጥ በጫማ ትመታለች። ምን ዓይነት ሸረሪት እንደነበረች የሚጠይቅ የለም። በሌላ ቀን ደግሞ ልጁ ክንዱ ላይ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ይዞ ከእንቅልፉ ሲነሣ፣ ማንም ምንም ሳያይ «ሸረሪት ሸናችበት» ተብሎ ይፈረዳል።

ቤታችን ውስጥ ከሚኖሩት ሸረሪቶች አብዛኞቹ ሰውን አይጎዱም። ጥቂቶቹ ግን ጥንቃቄ ስለሚሹ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ከሁለቱም ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፦ በሸረሪት የሚሳበበው ቁስል ብዙ ጊዜ የሌላ በሽታ ምልክት መሆኑና፣ በሽታው በዚያ ሰበብ ሳይታከም መሰንበቱ። ስለዚህ ይህ መመሪያ ሸረሪቷን እንዴት እንደሚለዩ ብቻ ሳይሆን ሸረሪት ያላደረሰችውን ጉዳት እንዴት እንደሚለዩም ያሳያል።

መጀመሪያ፦ በእርግጥ ሸረሪት ናት?

እግሯን ይቁጠሩ። ሸረሪት ስምንት እግር አላት። ስድስት እግር ያለው ፍጥረት ጥንዚዛ፣ በረሮ ወይም ሌላ ነፍሳት ነው። የሸረሪት አካል ሁለት ክፍል ነው፤ ራስና ደረት የተጣመሩበት የፊተኛው ክፍል አለ፣ ከኋላው ሆዷ አለ፣ በመካከላቸው ደግሞ ቀጭን ወገብ። ክንፍም አንቴናም የላትም። ከፊቷ የሚወጡት ሁለት አጫጭር ነገሮች መዳሰሻዎች እንጂ እግሮች አይደሉም። የመዳሰሻዎቹ ጫፍ እንደ ቦክሰኛ ጓንት አብጦ ካዩት ወንድ ሸረሪት ነው። በወለል ላይ ሲንከራተቱ ከሚገኙት ሸረሪቶች ብዙዎቹ ሴት ፍለጋ ከድራቸው የወጡ ወንዶች ናቸው።

መዥገርም ስምንት እግር አለው፤ ነገር ግን ወገብ የለውም፣ አካሉ አንድ ወጥ ነው። እንደ አፋርና ሶማሌ ክልል ባሉ ደረቅና ሞቃታማ ቦታዎች ደግሞ ሌሊት በመብራት ዙሪያ እንደ ጥይት የሚሮጥ፣ ቢጫማና ጠጉራም የሆነ ትልቅ ፍጥረት ይታያል፤ የግመል ሸረሪት ይሉታል። መዳሰሻዎቹ ረጃጅም ስለሆኑ አሥር እግር ያለው ይመስላል። የሸረሪት ዘመድ ቢሆንም ሸረሪት አይደለም፤ መንጋጋው ጠንካራ ስለሆነ ከነከሰ ያማል፣ መርዝ ግን የለውም። በቆላ አገር በእውነት ሊፈራ የሚገባው ጊንጥ ነው። መቆንጠጫና ወደ ላይ የተቆለመመ ጅራት ካዩ ይህን መመሪያ ትተው ልጆችን ከአካባቢው ያርቁ።

ሳይገድሉ ይያዟት

የተጨፈለቀች ሸረሪት ማንነቷ አይለይም። ግልጽ ብርጭቆ ወይም አፈ ሰፊ የማር ጠርሙስ ይድፉባት፤ ከዚያ ጠንከር ያለ ወረቀት (የመጋበዣ ካርድ በጣም ይመቻል) በጠርሙሱ አፍና በግድግዳው መካከል ቀስ እያደረጉ ያስገቡ። ወረቀቱን አጥብቀው እንደያዙ ይገልብጡና ክዳኑን ይግጠሙ። በባዶ እጅ አይንኳት። ሸረሪት ሰውን የምትነክሰው በአብዛኛው በቆዳና በሌላ ነገር መካከል ተጨንቃ መውጫ ስታጣ ነው።

ከዚያ በስልክዎ ሦስት ፎቶ ያንሱ፦ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከፊት፣ አንዱን ደግሞ በጠርሙሱ በኩል ከሆዷ በታች። ሦስተኛውን ማንም አያስበውም፤ ነገር ግን እንድንጠነቀቅ የሚያስገድደው ዋናው ምልክት የሚገኘው እዚያ ነው። መጠኗ እንዲታወቅ አጠገቧ አንድ ብር ሳንቲም ያስቀምጡ። አልረጋ ካለች ክዳኑ የተገጠመውን ጠርሙስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ቢያስቀምጡት እንቅስቃሴዋ ይቀንሳል።

የተገኘችበትን ቦታና ድሯን ይመልከቱ

ይህ ከቀለሟ ይበልጥ ይናገራል። የሸረሪት ቀለም በዕድሜ፣ በፆታና በምግብ ይለዋወጣል፤ «ቡናማ ናት» የሚለው መግለጫ ብቻውን ምንም አይጠቅምም። የድር አሠራሯ ግን የወገኗ መለያ ነው።

በኮርኒስ ጥግ የተንዘረፈፈ፣ መልክ የሌለው፣ አቧራ የያዘ ድር የባለ ረጅም እግሯ ነው። በግድግዳ ላይ የተለጠፈ፣ ከአዝራር የማይበልጥ ነጭ ድንኳን የሚመስል ነገር የደቃቃዋ የግድግዳ ሸረሪት ነው። በግቢ ዛፎች መካከል እንደ ጋሪ ጎማ ክብ ሆኖ የተደራው ድር ደግሞ ከሁሉም የሚያምረው ሲሆን ባለቤቷ ወደ ቤት እምብዛም አትገባም፣ አደገኛም አይደለችም። በአንጻሩ ከመሬት ብዙም ሳይርቅ፣ በፕላስቲክ ወንበር ሥር፣ በአበባ ማሰሮ ጠርዝ፣ በማገዶ ክምር፣ በባዶ ጣሳ ወይም በደጅ መጸዳጃ ቤት ውስጥ የሚገኝ የተወሳሰበ ድር በእንጨት ሲነካ ቀጭ ቀጭ እያለ የሚበጠስ ጠንካራ ከሆነ እጅዎን ይሰብስቡ። ለምን እንደሆነ ከታች እመለስበታለሁ።

የማይጎዱት የቤት ነዋሪዎች

ባለ ረጅም እግሯ በብዛት የምናያት ናት። አካሏ ከስንዴ ፍሬ ብዙም አይበልጥም፤ እግሮቿ ግን እንደ ጠጉር ቀጥነው ይረዝማሉ። ድሯን በጣት ሲነኩት መላ አካሏን በፍጥነት ስለምታወዛውዝ ዓይን ሊያያት ይቸገራል። እንዲህ የምታደርገው ጠላቷን ለማደናገር ነው። በመጸዳጃ ቤታችን መስኮት ጥግ አንዷን ለሳምንታት ተከታትያት ነበር። እንቁላሎቿን በጥቂት ክር ጠቅልላ በአፏ ይዛ ቆመች፤ እንቁላሎቹ በስስ ክር የታሰሩ የጤፍ ፍሬዎች ይመስሉ ነበር። አፏ ስለተያዘ አትበላም። ግልገሎቹ ሲፈለፈሉ ለጥቂት ቀናት በዙሪያዋ ተንጠልጥለው ቆዩና ተበታተኑ። ስለዚህች ሸረሪት «በዓለም ላይ መርዘኛዋ እሷ ናት፣ ጥርሷ አጭር ስለሆነ ብቻ ነው የማትነክሰው» የሚል ወሬ በስፋት ይነገራል። ሐሰት ነው። መርዟ ለሰው ደካማ ነው። ሌሎች ሸረሪቶችን፣ አደገኞቹን ጭምር፣ እያደነች ስለምትበላ እኔ በበኩሌ ጥጓን አልነካባትም።

ዘላይዋ ሸረሪት በቀን፣ በፀሐይ፣ በመስኮትና በግድግዳ ላይ ትታያለች። አጭርና ወፍራም፣ ጠጉራም ናት፤ ስምንት ዓይኖች ሲኖሯት ከፊት ያሉት ሁለቱ እንደ መኪና መብራት ትላልቅ ናቸው። ጣትዎን ሲያስጠጉ ዞራ ትመለከትዎታለች፤ ከቤት ሸረሪቶች መካከል እንዲህ አድርጋ ሰውን የምታየው እሷ ብቻ ናት ማለት ይቻላል። ለማደን ድር አታደራም። ዝንብ ስታይ እንደ ድመት ትለጠፋለች፣ ትጠጋለች፣ ከዚያ ትዘላለች፤ ከመዝለሏ በፊት ግን ክሯን ከግድግዳው ላይ ታያይዛለች፤ ብትስት በክሩ ተንጠልጥላ ትመለሳለች። በኬንያና በኡጋንዳ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ አካባቢ የምትኖርና ሳይንቲስቶች ኤቫርካ ኩሊሲቮራ ብለው የሰየሟት ዘላይ ሸረሪት ደም የጠጣች ትንኝ መርጣ ትበላለች፤ የወባ አስተላላፊዋ አኖፊለስም ከምግቦቿ አንዷ ናት።

ዝርጓ ሸረሪት በድንገት ስትታይ ታስደነግጣለች። እግሮቿ እንደ ሸርጣን ወደ ጎን የተዘረጉ፣ አካሏ በግድግዳው ላይ እንደ ተሳለ ሥዕል ጠፍጣፋ ነው። ከፎቶ ፍሬም ጀርባ ወይም ከግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ትኖራለች፤ ብርሃን ሲበራ ዓይን በማይከተለው ፍጥነት ተሹለክልካ ትጠፋለች። ሰው አታጠቃም። በሞቃታማ አካባቢዎች የምትገኘው ትልቋ በረሮ አዳኝ ደግሞ ከእግር ጫፍ እስከ እግር ጫፍ ከ7 እስከ 12 ሴንቲሜትር ትደርሳለች፤ ሴቷ እንደ ሳንቲም ክብና ጠፍጣፋ የሆነ የእንቁላል ከረጢት ከሆዷ በታች ይዛ ትዞራለች። በጣት ተይዛ ከነከሰች ታሳምማለች፣ ሕመሙ ግን ሳይቆይ ያልፋል።

ደቃቃዋ የግድግዳ ሸረሪት ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ናት። ጉንዳን በድንኳኗ አጠገብ ሲያልፍ በዙሪያው እየሮጠች በክር ትጠቀልለዋለች። የእጅ ባትሪና ትዕግሥት ካለዎት ይህን ለልጆችዎ ያሳዩ።

አንዲት ደግሞ በሁለቱ ጎራዎች መካከል የምትቆም አለች፦ ቢጫማዋ ከረጢት ሠሪ። ፈዘዝ ያለ ቢጫ ወይም አረንጓዴማ አካል፣ ጠቆር ያለ መንጋጋ አላት፤ ቀን ቀን በግድግዳና በኮርኒስ መጋጠሚያ ወይም በመጋረጃ እጥፋት ውስጥ ከነጭ ክር በሠራችው ከረጢት ውስጥ ትተኛለች፤ ሌሊት ለአደን ትወጣለች። የተኛ ሰው ሲገላበጥ ከተጫናት ትነክሳለች። ንክሻዋ እንደ ንብ ያቃጥላል፣ ይቀላል፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይድናል። ሥጋ የሚያበሰብስ ቁስል ታመጣለች ተብሎ ለብዙ ዓመታት ሲነገር ቢቆይም ማስረጃው ይህን አልደገፈም።

ጥንቃቄ የሚሹት ሁለቱ ወገኖች

አንደኛው በእንግሊዝኛ ብላክ ዊዶው፣ ማለትም ጥቁር መበለት፣ የሚባለው ወገን ነው። ከላይ እጅዎን ይሰብስቡ ያልኩበት ጠንካራ ድር የዚህ ወገን ነው። በአፍሪካ በሰው መኖሪያ አካባቢ በብዛት የምትገኘው ቡናማዋ ናት። ሆዷ እንደ አተር ክብ ሆኖ ያብረቀርቃል፤ ቡናማ ወይም ግራጫ ላይ የነጭና የብርቱካን ዝንጉርጉር አለው፣ እግሮቿ በጥቁርና በፈዛዛ ቀለበት የተሸለሙ ናቸው። በድሯ ላይ ጀርባዋን ወደ ታች አድርጋ ስለምትንጠለጠል የሆዷ ሥር ወደ እርስዎ ይታያል፤ እዚያ ላይ የአሸዋ ሰዓት ወይም ወገቡ የጠበበ ከበሮ የሚመስል ብርቱካናማ ምልክት አለ። የጥቁሯ ዘመዷ ምልክት ደማቅ ቀይ ነው። ሸረሪቷ ራሷ ባትታይም የእንቁላል ከረጢቷ ያጋልጣታል፤ ክብ፣ ክሬም ቀለም ያለው፣ ዙሪያውን እንደ ጭጎጎት ፍሬ በሾጣጣ ጉጦች የተሞላ ነው። ይህን የሚመስል ከረጢት የምትሠራ ሌላ የቤት ሸረሪት አላውቅም።

የዚህ ወገን መርዝ የሚሠራው በነርቭ ላይ ነው። የነርቭ ጫፎች መልእክት አስተላላፊ ኬሚካላቸውን ያለ ልክ እንዲለቁ ስለሚያደርግ ጡንቻ ይኮማተራል። ሕመሙ ባብዛኛው በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ይጀምርና ከእጅ ወይም ከእግር ወደ ሆድ፣ ወደ ጀርባና ወደ ደረት ይዘልቃል፤ ሆድ እንደ ጣውላ ይደርቃል፤ ላብ፣ ማቅለሽለሽና የደም ግፊት መጨመር ይከተላሉ። የቡናማዋ ንክሻ ብዙውን ጊዜ በነከሰችበት ቦታ ሕመም ብቻ ተወስኖ ያልፋል፤ የጥቁሯ ይከብዳል። ለሕፃናት፣ ለአረጋውያን፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለልብ ሕመምተኞች ሁለቱም ሐኪም ቤት የሚያስኬዱ ናቸው።

ሁለተኛው በአሜሪካ ብራውን ሪክሉስ፣ ማለትም ቡናማ ገለልተኛ፣ የምትባለው ያለችበት ወገን ነው፤ ዘመዶቿ በሜዲትራኒያን አካባቢ እስራኤልን ጨምሮ፣ እንዲሁም በምሥራቅ አፍሪካ ይገኛሉ። ለመለየት ዓይኗን መቁጠር ያስፈልጋል። አብዛኞቹ ሸረሪቶች ስምንት ዓይን አላቸው፤ እሷ ስድስት ብቻ፣ ሁለት ሁለት ሆነው በሦስት ቦታ የተቀመጡ። በፎቶ አጉልተው ይቁጠሩ። በጀርባዋ የፊት ክፍል ላይ አንገቱ ወደ ኋላ የዞረ ቫዮሊን የሚመስል ጠቆር ያለ ምልክት ሊኖር ይችላል። ሆዷ ወጥ ቀለም ነው፤ ዝንጉርጉር ወይም ነጠብጣብ ካለው እሷ አይደለችም። እግሮቿም እሾህ መሰል ወፍራም ጠጉር የላቸውም። እንደ ስሟ ገለልተኛ ስለሆነች ሳይነካ በቆየ ካርቶን፣ በተጣለ ጫማ፣ በቁም ሣጥን ጀርባ ትሸሸጋለች። ንክሻዋ መጀመሪያ ላይታወቅ ይችላል፤ ከሰዓታት በኋላ ያማል፣ መካከሉ ይጠቁራል፣ አንዳንዱ ወደ ቁስል ይለወጣል። አብዛኛው ግን በንጽሕና ብቻ ይድናል።

ይህች ሸረሪት ምን ያህል ሰውን እንደምትሸሽ የሚያሳይ አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት አራት ሰዎች የሚኖሩበት ቤት ውስጥ በስድስት ወር 2,055 ብራውን ሪክሉሶች ተሰበሰቡ። ከቤተሰቡ አባላት አንድም ሰው አልተጎዳም።

አሜሪካ ለምትኖሩ ወገኖቻችን የቦታው ጉዳይ ወሳኝ ነው። የብራውን ሪክሉስ አገር መካከለኛውና ደቡባዊው አሜሪካ ነው። ዳላስ ያለ ሰው በጋራዡ ውስጥ ሊያገኛት ይችላል። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ ግን ተወላጅ አይደለችም፤ እዚያ ሐኪም ሸረሪቷ ሳትታይ «የሪክሉስ ንክሻ ነው» ቢልዎ ሌላ ምክንያት እንዲፈለግ በትሕትና ይጠይቁ። ጥቁሯ መበለት ግን በዚያም አካባቢ አለች። ሎስ አንጀለስ ደግሞ ጥቁሯም ቡናማዋም ይገኛሉ።

ሸረሪት ያላደረሰችው ጉዳት

ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ሸረሪት በሰው ላይ ሸንታ አታቆስልም። ከሆዷ የሚወጣው ቆሻሻ ከግድግዳ ሥር የምናየው ነጭ ጠብታ ነው፤ ቆዳን አያቃጥልም፣ ውኃ አያስቋጥርም። ታዲያ «ሸረሪት ሸናችብኝ» የምንለው ቁስል ከየት ይመጣል?

ብዙ ጊዜ ከአንዲት ጥንዚዛ ነው። ከ7 እስከ 10 ሚሊ ሜትር የምትሆን፣ ጉንዳን የምትመስል፣ ራሷ ጥቁር፣ ደረቷ ብርቱካናማ ቀይ፣ አጫጭር ክንፎቿ ሰማያዊማ፣ የጅራቷ ጫፍ ደግሞ ጥቁር ናት። በኬንያ የናይሮቢ ዝንብ ይሏታል። በዝናብ ወቅት ትበዛለች፣ ሌሊት መብራት ተከትላ ትገባለች። አትነክስም፣ አትናደፍም፤ አንገታችን ላይ ስትሄድ ሳናስብ በእጃችን ስንጨፈልቃት ግን ፔደሪን የሚባል መርዝ ከአካሏ ፈሶ ቆዳችን ላይ ይቀባል። ከ12 እስከ 48 ሰዓት በኋላ እንደ ጅራፍ ሰንበር በመስመር የተዘረጋ፣ የሚያቃጥል፣ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ይወጣል። ክርን በሚታጠፍበት ቦታ ከሆነ አንዱ ገጽ ሌላውን ስለሚነካ ሁለት መንታ ቁስል ይሆናል። ጥንዚዛዋን ቆዳዎ ላይ ካዩ እፍ ብለው ያባርሯት ወይም ወረቀት ላይ አውጥተው ይጣሏት፤ ቦታውን በሳሙና ይታጠቡ፤ በነካችው ጣት ዓይንዎን አይሹ።

ሁለተኛው አልማዝ ባለጭራ ነው፤ እዚህ ላይ ሳላዝን መጻፍ አልችልም። እኛ እማማ የምንላቸው አንዲት ጎረቤታችን በቀኝ ጎናቸው፣ ከጀርባቸው ተነሥቶ ወደ ሆዳቸው የሚዞር ቀበቶ የመሰለ ሽፍታ ወጣባቸው። ከሽፍታው በፊት ለሁለት ቀን «ጎኔን እሳት እሳት ይለኛል» ሲሉ ሰምተናቸው ነበር። መንደሩ ሁሉ ሸረሪት ናት አለ፤ እኔም ዝም አልኩ። ቅጠል ተቀጥቅጦ ተለጠፈበት። ሐኪም ዘንድ የደረሱት በዘጠነኛው ቀን ሲሆን ሽፍታው ከደረቀ በኋላም ለወራት ነጠላቸው ጎናቸውን ሲነካ ይጮሁ ነበር።

አልማዝ ባለጭራ የሚመጣው ከዓመታት በፊት በያዘን የጉድፍ ቫይረስ ነው፤ ቫይረሱ በነርቭ ሥር ተደብቆ ይቆይና የሰውነት መከላከያ ሲዳከም ይነሣል። መለያው በአንድ ወገን ብቻ መውጣቱ፣ እንደ ቀበቶ መስመር መያዙና ሕመሙ ከሽፍታው መቅደሙ ነው። መድኃኒት አለው፤ ግን ይበልጥ የሚሠራው ሽፍታው ከወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ግንባር ላይ፣ በዓይን አካባቢ ወይም አፍንጫ ጫፍ ላይ ከወጣ ዓይን ሊያጠፋ ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ማየት አለበት። በወጣት ሰው ላይ ሲታይ ሐኪሙ የኤች አይ ቪ ምርመራ ቢያዝ አይከፉ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው።

ሦስተኛው አባ ሰንጋ ነው። መካከሉ እንደ ከሰል የጠቆረ፣ ዙሪያው በጣም ያበጠ፣ ነገር ግን የማያም ቁስል ያለበት ሰው ባለፉት ቀናት የሞተ ወይም የታመመ ከብት አርዶ፣ ገፍፎ ወይም ቆዳውን ነክቶ ከሆነ ስለ ሸረሪት አያውራ፤ በፍጥነት ጤና ጣቢያ ይሂድ። በአንቲባዮቲክ ይድናል፤ ከዘገየ ይገድላል።

የቀሩት ቀለል ይላሉ። ከንፈር ላይ የሚወጣው ምች ነው። ጠዋት በመስመር የተደረደሩ ሦስትና አራት የሚያሳክኩ ቀይ ነጥቦች የትኋን ሥራ ናቸው፤ ቁርጭምጭሚት አካባቢ የበዙት የቁንጫ። ሸረሪት እየተመላለሰች አትነክስም፣ የሰው ደምም አትመገብም። ፊት ላይ ለወራት ሳይድን የቆየ እብጠት ወይም ቁስል፣ በተለይ ደጋ ላይ ገደልና ሽኮኮ ባለበት አካባቢ ለሚኖር ሰው፣ አሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው ቁንጭር ሊሆን ስለሚችል ይመርመር።

በእርግጥ ነክሳ ከሆነ

ሸረሪቷን ስትነክስ ካዩ ወይም ከልብስዎ ውስጥ ካገኟት፣ ተጨፍልቃም ቢሆን በጠርሙስ ይያዟት። ቦታውን በሳሙናና በንጹሕ ውኃ ይታጠቡ። በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው አሥር ደቂቃ ይያዙበት፣ አሥር ደቂቃ ያሳርፉ፣ ይድገሙት። እጅ ከሆነ ቀለበትዎን ሳያብጥ በፊት ያውልቁ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል። የመቅላቱን ድንበር በእስክሪብቶ ያክቡና ሰዓቱን አጠገቡ ይጻፉ፤ ከሰዓታት በኋላ መስፋቱን ወይም መቀነሱን በግምት ሳይሆን በዓይንዎ ያያሉ፣ ለሐኪሙም ትልቅ እገዛ ነው።

በምላጭ መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ ከላይ በገመድ ማሰር፣ በጋለ ብረት መተኮስ፣ ነጭ ጋዝ ማፍሰስ ሁሉም ከንክሻው የባሰ ጉዳት ያመጣሉ። ደም ለማቆም በቁስል ላይ የሸረሪት ድር የማድረግ ልማድም ይቅር፤ ከግድግዳ የተነሣ ድር አቧራና ተሕዋስያን የያዘ ስለሆነ መንጋጋ ቆልፍን ሊጋብዝ ይችላል። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ከወሰዱ ብዙ ዓመት ከሆነዎት በዚህ አጋጣሚ ይጠይቁ።

የጡንቻ መኮማተር ወይም የሆድ መድረቅ፣ ብርቱ ላብ፣ የመተንፈስ ችግር፣ የፊት ወይም የከንፈር እብጠት፣ ትኩሳት፣ እንደ ኮካ ኮላ የጠቆረ ሽንት፣ ወይም ያከበቡትን መስመር አልፎ የሚሰፋ መቅላት ካለ ወደ ሕክምና ይሂዱ። በአገር ቤት የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይገኛል። አሜሪካ ላሉ የመርዝ መረጃ ማዕከል በ1-800-222-1222 ቀንና ሌሊት ያለ ክፍያ ይመልሳል፤ አስተርጓሚ መጠየቅም ይቻላል።

ቤትዎ ውስጥ ምን ያድርጉ?

ሸረሪት የምትኖረው ምግቧ ባለበት ነው። የደጅ መብራት ሌሊቱን ሙሉ ሲበራ ነፍሳት ይሰበሰባሉ፣ ሸረሪቷም ትከተላለች፤ መብራቱን ማጥፋት ወይም ወደ ቢጫ አምፖል መለወጥ ከብዙ መድኃኒት ይሻላል። የበር ሥር ክፍተትን በጎማ ወይም በጨርቅ ይዝጉ። ማገዶና ድንጋይ ከቤቱ ግድግዳ ያርቁ፤ ሲያነሡ ጓንት ያድርጉ። የደጅ መጸዳጃ ቤት መቀመጫ ካለው ከመቀመጥዎ በፊት ሥሩን በባትሪ ይመልከቱ። ሰንብቶ የተነሣ ጫማና ልብስ አራግፈው ይልበሱ፤ በቆላ ይህ ለጊንጥም ያገለግላል። ሾጣጣ ጉጦች ያሉት የእንቁላል ከረጢት ካገኙ በረጅም እንጨት አውርደው ሳሙና ባለበት ውኃ ይንከሩት፤ አንዱ ከረጢት ከመቶ በላይ ግልገል ሊያወጣ ይችላል።

በየሳምንቱ የሚረጨውን ፀረ ተባይ አልመክርም። ሸረሪት አካሏን ከፍ አድርጋ በእግሮቿ ጫፍ ስለምትሄድ ወለል ላይ የደረቀው መድኃኒት እምብዛም አያገኛትም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲተነፍሱት የሚያድሩት ልጆችዎ ናቸው።

ሌሊት ሸረሪት ትነክሰናለች ብለው የሚሰጉ ከሆነ ደግሞ አልጋውን ከግድግዳ ትንሽ ያርቁ፣ ብርድ ልብሱ ወለል እንዳይነካ ያድርጉ፣ አጎበር ይስቀሉ። የአጎበሩን ጠርዝ ዙሪያውን ከፍራሹ ሥር ያስገቡ፤ ልጆች ካስተኙ በኋላ ደግሞ በእግራቸው በኩል የወጣውን መልሰው ይሸጉጡ።